በወንድሜ መኪና የተሳፈሩት ቄስ

ትናንት ከሰዓት... ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስመለስ ሐሙሲት ላይ ቆሜ የመኪናዬ ሞተር እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነበር።

መኪናዬ ማለትን ገና አፌ አልለመደውም። ወረታ ያላችሁ ታውቋታላችሁ። ጥቁር፣ ረዥም፣ የድሮ የጀርመን መኪና ናት። ድሮ የሆነ ሹም ይሄድባት ነበር ይባላል። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ የኋላ መስኮቷ መጋረጃ ሳይቀር አለው። ስትታይ ታምራለች። ዳገት ላይ ግን ባጃጅ ይቀድማታል።

የገዛት ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ነው። ሙሽራ ያመላልስባት ነበር። እኔ የምሠራው ሩዝ መፈልፈያ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ባወጣም መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ደምሴ ከጎኑ ያስቀምጠኛል እንጂ መሪዋን አስነክቶኝ አያውቅም።

ክረምት ላይ ጉበቱን ታሞ ሞተ። ከተዝካሩ በኋላ እናቴ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ቆማ ከምትበሰብስ ንዳት» አለችኝ። የመጀመሪያ መኪናዬን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

አላለቀስሁም። ቀብሩ ላይም፣ ድንኳኑ ውስጥም። ሰው ሲያለቅስ እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ ውኃ አዞራለሁ... የሰው ልቅሶ ለመርዳት የመጣሁ ይመስል። ቁልፉን ስቀበልም ያው ነው። ያዝሁት፣ በቃ።

እና ትናንት ኮፈኑን ዘግቼ ሞተሩን ሳስነሳ አንድ ሽማግሌ ቄስ በከዘራቸው መሬቱን እየዳበሱ መጡ። ነጭ ጥምጣም አስረዋል፣ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የኋላውን በር ግን ሳይፈልጉ አገኙት። ከፍተው ገቡና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«ድምጿን ከሩቅ ነው የለየሁት» አሉ። «እንደምን ከረምህ ደምሴ? እኔ ገና ዛሬ ከጠበል መመለሴ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ደምሴም ከባሕር ዳር ሲመጣ ሁሌ እዚያው ያቀዘቅዛት ነበር። አንድ የቁሐር ሚካኤል ቄስ እየጠበቁት አብረውት እንደሚሄዱ አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር።

«ደኅና ነኝ አባ» አልሁ። ድምፃችን ይመሳሰላል። ስልክ ላይ እናታችንም ትሳሳት ነበር።

መንገር ነበረብኝ። ግን ከየት ይጀመራል?... ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

መንገዱ ዳርና ዳር ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከብቱ በባዶው ማሳ ላይ ተለቋል። ቄሱ ስለ ጠበሉ አጫወቱኝ። ዓይናቸው ጥላና ብርሃን መለየት ጀምሯል። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ አሉና...

«ያ ወንድምህስ እንዴት ሆነልህ?» አሉኝ።

«የቱ ወንድሜ?» አልሁ። ደምሴ ከኔ ሌላ ወንድም የለውም።

«ያ ዝምተኛው ነዋ። የሆዱን አያወጣም፣ ይጸልዩለት እያልህ የምትጨቀጭቀኝ።»

ከፊቴ አንዲት ላም አስፋልቱን እያቋረጠች ነበር። ቆምሁላት።

«ደኅና ነው» አልሁ።

«አገባ?»

«አላገባም።»

«አይ... እንግዲያ መኪናዋም ገና ትጠብቀዋለች። በሰርጉ ቀን፣ በሰው ፊት ቁልፉን እሰጠዋለሁ ብለኸኝ የለ? እስከዚያ አላስነካውም፣ ከለመዳት ስጦታ መሆኗ ይቀራል ያልኸኝን አልረሳሁትም።» ሳቅ አሉ።

እኔም ሳቅ ያልሁ መሰለኝ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ... ምንም። እጆቼን አየኋቸው። መሪው ላይ ናቸው። የኔ አይመስሉም።

የቁሐር ሚካኤል መገንጠያ ስንደርስ ቆምሁ። ቄሱ የበሩን መክፈቻ እንደያዙ፣

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። እንደ ድሮው ወረታ ታደርሰኛለህ» አሉ።

እሺ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እሑድ ፀሐይ ላይ ቆመው የሞተ ሰው ሲጠብቁ ታየኝ።

«አባ... ደምሴ የለም።»

«የት ሄደ?»

«ሞተ። ክረምት ላይ። እኔ ወንድሙ ነኝ።»

ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር። ወረታ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ለማንም መንገር አላስፈለገኝም።

የቄሱ እጅ ከኋላ መጥቶ ትከሻዬን ፈለገና አገኘው። ብዙ ቆየ እዚያ።

«ሞተሩን አጥፋው ልጄ» አሉ።

አጠፋሁት። እዚያው እንደተቀመጡ መስቀላቸውን አውጥተው ዝግ ባለ ድምፅ በግእዝ ጸለዩለት። የክርስትና ስሙን ያውቁታል። ከኋላችን ሩዝ የጫነ ጋሪ መጥቶ ነበር፤ ባለጋሪው ቄሱን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ሲጨርሱ «ያንተስ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉኝ።

ለማስታወስ ጊዜ ፈጀብኝ። ነገርኋቸው። መስቀሉን ተሳለምሁ።

«እንግዲህ እሑድ አንተ ና» ብለው ወረዱ።

አላለቀስሁም። ግን እስከ ወረታ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ነው የነዳሁት... መቀየር እንዳለብኝ ረስቼ። ባጃጆቹ ሙሽራ የያዝሁ መስሏቸው ጥሩምባ እየነፉልኝ አለፉ።

ወንድሜን ከቀበርነው ወራት አልፈዋል... መርዶውን የተረዳሁት ግን ትናንት፣ ራሴው ስናገረው ነው።