ዓይኑ ዐ ሥር ያለችው ሦስት

ዘጠነኛ ክፍል ፍኖተ ሰላም የገባሁ ጊዜ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተናዬ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰልኝ። ስህተቴ አንድ ዓይነት ነበር፤ ግን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜዋለሁ። ፎርሙላ ስጽፍ ትንንሾቹን ቁጥሮች በሙሉ ከፊደሉ ትከሻ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። መምህሩ ወረቀቴን ለክፍሉ ከፍ አድርጎ አሳየና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኬሚስትሪ ነው ወይስ ድጓ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ መቀለዱ ነው፤ ሳያውቀው ግን እቅጩን ተናግሯል።

እኔ የድጓ መምህር ልጅ ነኝ። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። አባቴን ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እናቴም የኔታ፣ እኔም የኔታ ነው የምንላቸው። ኤቢሲዲ ከመቁጠሬ በፊት የማውቀው የእሳቸውን የብራና መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ የዜማው ምልክቶች ጥቃቅን ናቸው፤ ቦታቸውም ከቃሉ በላይ ነው። ድምፅ የሚነሣውም የሚወድቀውም በእነሱ ነው። ታዲያ በእኔ ቤት ትንሽ ነገር የምትቀመጠው ላይ ነው፤ ታች ማን ይፈልጋታል?

መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀረኝና አስረዳኝ። «ከላይ የምትጻፈው አዮኑ ብቻውን ሳለ ያለው ቻርጅ ናት፤ ስንት እንደሚሰጥ ወይም ስንት እንደሚፈልግ የምትናገር። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሰጪና ተቀባይ እኩል ይሆኑና የላይኛዋ ትጠፋለች። የአንዱ የላይ ቁጥር ተሻግራ ከሌላው ግርጌ ትገባለች። የግርጌዋ ስንት ሆነው እንደመጡ ነው የምትነግርሽ» አለኝ። ነገሩ ለእኔ ገባኝ፤ እጄ ግን አልሰማም ብሎ ወደ ላይ ይሮጥ ነበር።

ቅዳሜ ስንቄን ልወስድ ቤት ስሄድ እየፈራሁ ለየኔታ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ስል ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። «በይ ቁጠሪ» አሉኝ፤ በቃልሽ በይው ማለታቸው ነው። ሶዲየም አንድ፣ ካልሲየም ሁለት፣ እያልሁ ስንተባተብ አላስጨረሱኝም። «እንዲህማ አይያዝም! ዜማ የሌለው ነገር ልብ ውስጥ አያድርም።»

ሦስት ዜማ አለን፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። የኔታ ባለ አንዶቹን ደረቅ ባለው ግዕዝ፣ ባለ ሁለቶቹን በዕዝል፣ ባለ ሦስቶቹን ሆድ በሚያባባው አራራይ አደረጉልኝ። አሉሚኒየምን በአራራይ ሲያወርዱት ብትሰሙ የሞተ ዘመድ ትዝ ይላችኋል። እናቴ ከጓዳ፣ «ኧረ የኔታ፣ ኃጢአት አይሆንም?» አለቻቸው። «ቃሉን አልነካሁ! ደግሞስ ጨው የማን ፍጥረት ሆነና?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤት በመጣሁ ቁጥር ከበሩ ጀርባ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው እያንጎራጎሩ ይሰሙኛል። የፈረንጁን ፊደል ጥቂት ጥቂት አስለመድኋቸው። የኦክስጂንን ፊደል ያየንባት ቀን ትዝ ትለኛለች። ትልቅ አድርጌ ብጽፍላቸው፣ «ይቺማ የእኛዋ ዓይኑ ዐ ናት! ማን ወሰዳት?» ብለው እንደጠፋ ዘመድ ተቀበሏት። ማሻገሩንም ተማሩ፤ አራራዩ ከዕዝሉ ግርጌ፣ ዕዝሉ ከአራራዩ ግርጌ እያሉ።

አንድ ቅዳሜ ማግኒዢየም ክሎራይድን ጻፍሁና፣ «የግርጌዋ ቁጥር ስንት ናት?» አልኋቸው።

«ሁለት» አሉ ወዲያው።

«የታለች?»

ጣታቸውን ሰደዱ። የጠቆሙት ባዶ እንጨት ነበር። ሊያሾፉብኝ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሲያስተምሩ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። አንድ ትልቅ ተማሪ ነበራቸው፤ የራሱን ድጓ እየጻፈ በየሳምንቱ ለእርማት ያመጣል። የኔታ የብራናውን ቅጠል ይዘው ያዜማሉ፤ አንዲት አትዛነፍም። ግን የሚያዜሙት ከቃላቸው እንጂ ከያዙት ቅጠል አልነበረም። ተማሪው አንዲት ምልክት ዘልሏል፤ መጉደሏን እኔ እንኳ አየሁ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው አሳለፉለት። ለአንዲት ምልክት ቅጠሉን በሙሉ የሚያስጽፉ ሰው!

ተማሪው ሲሄድ ወደ ጌሾው ጓሮ ወሰድኋቸው። «የኔታ፣ አያዩም አይደል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፊደሏን አያታለሁ፤ ምልክቷ ናት የጠፋችብኝ። ለሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ። «እኔስ ባረጅ፣ ባልፍ ምንም አይደል። የማሳልፋት ስህተት ግን ከእኔ ጋር አትቀበርም፤ ከተማሪ ወደ ተማሪ ትወርዳለች። እንቅልፍ የነሣችኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሂድ! የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ አሉ።»

«ሞራ ያለው የታረደ በሬ ነው! ስለቱ ገብቶ ፊደሏንም ቢወስድብኝስ? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

ለመንሁ፣ አለቀስሁ፣ ተቆጣሁም። ወይ ፍንክች! እልኸኛነት ግን ከማን ወረስሁ? እኔም ጠመኔዬን አነሣሁና ከበሩ ጀርባ አሉሚኒየምን ከኦክስጂን አዋሕጄ ጻፍሁ፤ ፊደሎቹን ትልልቅ፣ ቁጥሮቹን እንደ ዜማ ምልክት ድቅቅ አድርጌ። «የኔታ፣ እዚህች ላይ ስህተት አለ» አልኋቸው። «በገዛ ዓይንዎ አይተው እስኪያርሙኝ ድረስ አላጠፋትም። ሌላ ሰውም እንዳይነካት!» ስንቄን አንጠልጥዬ ውልቅ አልሁ።

የድጓ መምህር ቤት ውስጥ ያልታረመ ስህተት ትቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ በሳምንቱ ደወለችልኝ። «አንቺ፣ ምን ጉድ ነው የጻፍሽባቸው? ከማኅሌት ሲመለሱ በሩ ፊት፣ እህል ሳይቀምሱ በሩ ፊት! አፍንጫቸው ጠመኔ ሆነ እኮ!» አለች። በሳቅና በለቅሶ መሐል ሆንሁ። ያ ሁሉ ሊቅነታቸው እንጨት ላይ ተለጥፎ ሲያፈጥ ታየኝ። ልሂድና ላጥፋት ብዬ ተነሥቼም ነበር፤ ደግሞ ተቀመጥሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔታ የተከራየሁባት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። እንዴት ዋልሽም አላሉኝ። «የታለ ይሄ ሞራ ገፋፊሽ?» አሉ።

ሐኪሙ ስለቱን ሲያዘጋጅ ከውጭ ሆኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስሁ። ፊደሏም ብትጠፋ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔው ነው፤ በተንኮል ያመጣኋቸው እኔ። ፋሻው በተፈታ ጊዜ ፊት ለፊታቸው ቆምሁ። አይተው አይተው፣ «ከስተሻል» አሉኝ። እዚያው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ቤት ስንደርስ እናቴ እግር ልታጥብ ውኃ ይዛ ብትጠብቃቸውም አልፈዋት ሄዱ። በሩን ዘጉና ራቅ ብለው ቆሙ፤ እንደ ድሮው አፍንጫቸውን አላስጠጉም። Al₂O₃ እንዳለች አለች። አሉሚኒየምን በአራራይ፣ ኦክስጂንን በዕዝል አንጎራጎሩ፤ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት።» እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስህተት የለባትም።»

ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንሁ።

«አንቺ ልጅ! ስህተት የለባትም እኮ! ዋሽተሽኛል!»

«የኔታ፣ በእርስዎ በር ላይ ስህተት ጽፌ መሄድ እንዴት ይሆንልኛል?»

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ተዉት። ወደ በሩ ተመለሱና ጣታቸውን ሰደዱ። አሁን ጣታቸው ባዶ እንጨት አልነካም። «ዓይኑ ዐ ሥር ሦስት አለች» አሉ ቀስ ብለው።

በሩን ከፍተው ወደ ውጭ ተጣሩ። ያ ትልቁ ተማሪ ከጎጆው እየሮጠ መጣ። «የጻፍኸውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምረህ አምጣልኝ» አሉት፤ «ያሳለፍሁብህ አለ።»