ከፒያኖው ፊት ያለው ባዶ ቦታ

የድሮው የባቡር ሠራተኞች ክበብ የቀበሌ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ፣ ከቀድሞው ዕቃ የቀረው ፒያኖው ብቻ ነው። ከስብሰባ በፊት አንድ ጎልማሳ ይመጣል። ካኪ ሸሚዙ ሁሌም የተተኮሰ ነው። የድሬ ሙቀት ያመጣበትን ላብ በመሐረቡ ይጠርግና ከፒያኖው ፊት ካለው ረጅም አግዳሚ ግራ ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

የሚጫወተው ማርሽ ብቻ ነው፤ አንድ የጥንት የቪየና ሰው፣ ሁለት ሰዎች ባንድ ፒያኖ ጎን ለጎን ሆነው እንዲጫወቷቸው ከደረሳቸው ማርሾች አንዱን። ከሱ እጅ ግን የሚወጣው ዱም ዱም ብቻ ነው። ሊቀመንበራችን፣ "ይኼ እኮ ለአብዮት በዓል ሰልፍ የተሠራ ነው!" እያለ ወለሉን በእግሩ ይመታል።

"ዜማውስ የታለ?" አልኩት ሰውየውን አንድ ቀን።

"እሱ የባለቤቴ ድርሻ ነው" አለኝ፣ በቀኙ ያለውን ባዶ ቦታ እያየ። "ጅቡቲ ስትሄድ፣ 'ያንተን እንዳትረሳ፤ የኔን ይዤው እመጣለሁ' ብላኛለች።"

ይህን ሲለኝ አንዲት ዘግይታ የደረሰች ሴት መቀመጫ አጥታ ወደ አግዳሚው ተጠጋች።

"ወንድሜ፣ ሰው አለው?"

"አዎ እህቴ፣ ሰው አለው" አላትና መሐረቡን ባዶው ቦታ ላይ አነጠፈ። ከዚያም፣ ባለቤቱን እንዳይጠባት ብሎ ነው መሰለኝ፣ ወደ ግራው ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ አለ።