ኤንካርና እና የመርከቧ አዲስ አፍንጫ

ኤንካርና በስፔኗ የወደብ ከተማ በካዲዝ ወደሚገኘው የመርከብ ጥገና ግቢ የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእድሳት የመጡ የሽርሽር መርከቦችን ስታጸዳ፣ አሮጌ ምንጣፍ ስትጠቀልልና የአናጺዎችን ብናኝ ስትጠርግ ኖረች። ባሏ ሞቶ ልጇም አግብታ ከወጣች በኋላ፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ ከሥራ መልስ ብየዳ ተማረች። አሁን አርባ ሰባት ሞልቷታል፤ ከበያጆቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ናት።

በዚያ መጋቢት የገባችው መርከብ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ነበረች። መርከብ የሚጠገንበት ገንዳ ውሃ ተመጥጦ ሆዷ በድጋፎቹ ላይ እንዳረፈ ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ። ላይ ምግብ ቤቱ ይፈርሳል፣ መሐል አዳዲስ መኝታ ክፍሎች ይገባሉ፣ ታች ደግሞ ከፊት ውሃውን የሚከፍለው እብጥ ያለ አፍንጫዋ ተቆርጦ ነዳጅ በሚቆጥብ ይተካል። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው አሥራ ስምንት ቀን ነው። የኤንካርና ድርሻ አዲሱ አፍንጫ ከአሮጌው ብረት ጋር የሚገናኝበት የውስጥ የብየዳ ስፌት ነበር፤ ሰው በጎኑ ተኝቶ ብቻ የሚደርስበት ጠባብ ቦታ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የብየዳ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ስፌቱን ራጅ አንስታ ሦስት ቦታ ላይ በቢጫ ቾክ ክብ ሠራች። ብየዳው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለታዩ አላለፈም።

«ኤንካርና፣ አፍንጫ ነው ቢሉሽ ቀዳዳም አብረሽ ሠራሽለት?» አለ ኪኬ የሚባለው በያጅ። ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ቆይ፣ ይሄን ስጨርስ ያንተን አፍ እበይደዋለሁ። እሱ ራጅም አያስፈልገውም።»

ፎርማኑ ሴራፊን ግን አልሳቀም። «ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አላት።

«የበየድኩት እኔ ነኝ፤ የማስተካክለውም እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስድስት ቀን ነው የቀረን!»

«እንግዲያው አታስወራኝ።»

ጥፋቷን ታውቀዋለች። በበየደችበት ዕለት ሌቫንቴ የሚሉት የምሥራቅ ንፋስ ተነስቶ በክፍተቱ ይገባ ነበር። ንፋስ ብየዳውን የሚጋርደውን ጋዝ ይበትነዋል። ማጅራቷ ላይ እየተሰማት «ሴት ናት፣ አማረረች» እንዳይሏት ብላ ዝም አለች። ይህንኑ ለሴራፊን ሳትደብቅ ነገረችው፤ እሱም ሥራውን ተወላት። ከዚያ ክፍተቱን በድርብ ሸራ ዘግታ፣ በጎኗ ተኝታ፣ ስፌቱን በግራይንደር ፈልፍላ እንደገና በየደችው። ሁለቱ ቦታዎች አለፉ።

ሦስተኛው እምቢ አለ። ጠለቅ አድርጋ ስትፈለፍለው ፀጉር የመሰለ ጥቁር ስንጥቅ ከስፌቷ አልፎ ወደ አሮጌው ብረት ሲሄድ አየች። ቀለሙን እየፋቀች ተከተለችው። ስንዝር መሰላት፤ ክንድ ሆነ።

ሴራፊን እየተሳበ ገብቶ መብራቱን አስጠግቶ አየው።

«ማን አይቶታል?»

«አንተና እኔ።»

«አሮጌው ብረት የእኛ ሥራ አይደለም። ስፌትሽን ጨርሺና ውጪ።»

«ስፌቴን የተሰነጠቀ ነገር ላይ አልሰፋም። ተቆጣጣሪዋን ካልጠራሃት እኔ እጠራታለሁ።»

«አንድ ቀን ያዘገየናል እኮ! ተሳፋሪዎቹ ቲኬት ቆርጠው እየጠበቁ ነው!»

«በዚህች መርከብ ላይ እኮ ነው የሚሄዱት» አለችው።

ሴራፊን ተሳድቦ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግን ከተቆጣጣሪዋ ጋር ተመልሶ መጣ። የተሰነጠቀው ብረት ተቆርጦ በምትኩ አዲስ ገባ። ኪኬ ሳይጠሩት መጥቶ ብረቱን ይዞላት ዋለ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣላት። መርከቧ አንድ ቀን እንደምትዘገይ ታወቀ። የቢሮ አለቆቹ ሴራፊን ላይ ጮኹበት፤ እሱም ሁለት ቀን አኮረፋት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ውሃው ወደ ገንዳው ተለቀቀ። ኤንካርና ባትሪና የመገናኛ ሬዲዮ ይዛ አፍንጫው ውስጥ ተቀመጠች። ውሃው ከውጭ ብረቱን እየላሰ ወደ ላይ ሲወጣ ትሰማዋለች። መዳፏን ከስፌቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደችው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «እህሳ?» አለ ሴራፊን።

«ደረቅ ነው።»

«ደህና አድርገሽ እዪው።»

«ደረቅ ነው አልኩህ እኮ!»

«ሰኞ ሌላ መርከብ ትገባለች፤ የታችኛው ስፌት ያንቺ ነው» አላት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት መርከቧ ከድጋፎቹ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ኤንካርናም ከሥሯ ያለው ብረት ሲንሳፈፍ ተሰማት።