እትዬ ቀጥሉ እና በጆንያ የታጠረው መድረክ

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ረቡዕ። በስፌት መኪናው ላይ የንጉሥ ካባ ተዘርግቷል። የቀኝ እጅጌው ተሰፍቶ አልቋል፤ የግራው በስፒል ተይዞ ቀርቷል፤ መርፌው ጨርቁን እንደወጋ ነው። ካባውን የሚለብሰው ሰው በማግስቱ ጠዋት ሊለካው ይመጣ ነበር። ሰፊዋ ግን በዚያው ሌሊት፣ "ትንሽ ደከም ብሎኛል" ብላ ጋደም ባለችበት አረፈች።

መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። አገሬው ሁሉ የሚጠራት "እትዬ ቀጥሉ" እያለ ነበር። ስሙ እንዴት እንደወጣላት በትክክል ይታወቃል፤ እሱን ለመናገር ግን ከቤቱ መጀመር ያስፈልጋል።

ቤቱ ከከተማ ርቆ፣ በእርሻ መካከል፣ ከመኪና መንገዱ ዳር የቆመ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ገበሬ ማኅበሩ ሌላ መጋዘን ሠርቶ ሲለቀው ብዙ ጊዜ ባዶውን ከረመ። ኋላ አንድ አስተማሪ ለምኖ ተቀበለውና የኪነ ጥበብ ማዕከል አደረገው። በሩ ላይ የተጻፈውም ይህንኑ ነው፤ ሰዉ ግን "ቲያትር ቤቱ" ብሎት ቀረ። አስተማሪው ተዛውሮ ሄደ። ተዋናዮቹ፣ ማለትም ፀጉር አስተካካዩ፣ አናጢው፣ ሁለቱ እህትማማች ነርሶችና ሌሎቹም፣ ቀሩ።

እሷ መጀመሪያ ወደዚያ የሄደችው መጋረጃ ልትሰፋ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው። መጋረጃውን ጨርሳ ስትሰቅለው መስቀያው ጎበጠ፤ መስቀያውን ስታስጠግን የተዋናዮቹ ልብስ ተቀዶ አየች፤ ልብሱን ስትጠቅም ሌላ ነገር መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለች ሳትወጣ ቀረች። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ አውጥተዋት ያውቃሉ። ልጇ የሞተባት እናት ሆና ልታለቅስ ነበር። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ልቅሶውን ጀመረችው፤ ወዲያው የሟቹ ኮሌታ ተጣጥፎ አየች። ልቅሶዋን አቋርጣ ኮሌታውን አቃናችና፣ "ይሄን አዝራር ደግሞ ምን በላው?" አለች። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቦታዋ ከመጋረጃው ጎን ያለው በርጩማ ሆነ።

የተዋናዮቹ ችግር ግን ሌላ ነበር። ሰው ያለበት ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ መቀመጥ ነውር ነው፤ ሰላም ተብሎ አለመመለስ ደግሞ የባሰ ነውር። ስለዚህ አምሽቶ የሚመጣ ተመልካች ከበሩ ላይ "እንደምን አመሻችሁ!" ይላል፤ ከመድረኩ ላይ ንጉሡም፣ ጠላቱም፣ ሎሌውም ባንድ አፍ፣ "ደህና አመሸህ? ግባ፣ ግባ!" ይሉታል። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ በጦር ተወግቶ ተዘርሮ ሳለ አማቱ ገቡ። ብድግ ብሎ ደማቸው ከሚፈስ ጓደኞቹ መካከል ወጣ፣ እጅ ነሣ፣ ጥሩ ቦታ ፈልጎ አስቀመጣቸው፣ ተመልሶም ሞተ።

ከበርጩማው ላይ የተነሣችው ያን ጊዜ ነው። "ቀጥሉ!" አለች፤ "ጣራው ቢወድቅ ቀጥሉ! ዓለም ሁሉ ሰላም ቢላችሁ ቀጥሉ!"

ከዚያ በኋላ በየልምምዱ ጎረቤት እየላከች፣ በሩን እያስከፈተች፣ ሰላም እያስባለች አለማመደቻቸው። አፉን የከፈተ ተዋናይ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው እንዲደግም ትፈርድበታለች። ስንት ጊዜ እንደፈጀባት የሚያስታውስ የለም። በመጨረሻ ግን ጥጃ ቢገባ እንኳ ዓይናቸውን የማይሰብሩ ሆኑ፤ ስሙም ለእሷ ቀረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የባህል ጽሕፈት ቤቱ በጀት ተቆረጠ። የቤቱ ዘበኛ ደመወዝ፣ መብራቱ፣ የጣራው እድሳት፣ ሁሉም ቀረ። ማኅበሩ በዚያ ዓመት እህል ሞልቶበት ማስቀመጫ አጥቷልና ቤቱ ተመልሶ መጋዘን ይሁን ተባለ። ሆኖም የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስቀድሞ መጥቶ ቤቱን በዓይኑ ሊያይ ሆነ።

ወፍጮ ቤት ያለው ታናሽ ወንድሟ ዱቄቱን ሳያራግፍ መጣ።

"እታለም፣ ተይው እንግዲህ። ሰዎቹ ቆርጠዋል።"

"እኔም ቆርጫለሁ።"

"በሽምግልናሽ ከመንግሥት ጋር ልትጣዪ?"

"ማን ሸመገለልህ? ደግሞ ማን ይጣላል አለህ? ቤቱ አይዘጋም ነው ያልኩት። ከጨርቁ ላይ ተነሣልኝ፣ ዱቄት አራገፍክበት።"

ኃላፊው ይመጣል የተባለው ዓርብ ነበር። ለዓርብ ወለሉ ታጠበ፣ ደህና ወንበሮች ከትምህርት ቤቱ ተለመኑ፣ ከነርሶቹ ታላቂቱ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አጠናች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ልምምድ ሆነ። እትዬ ቀጥሉ፣ በእንግዳ ፊት እንዳያሳፍሩኝ ብላ፣ ጎረቤቷን ግንበኛ መሐል ላይ ገብቶ ሰላም እንዲል መክራዋለች።

ኃላፊው ግን ለሌላ ሥራ በዚያ ሲያልፍ ዝናብ ያዘውና፣ "እግረ መንገዳችንን እንየው" ብሎ ሐሙስ ከተፍ አለ። ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ ካፖርቱ እየተንጠባጠበ በሩን ገፋው።

"እንደምን ዋላችሁ!"

አንድም ሰው አልዞረም። ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ሰዓት እየሞተ ነበር። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ፀጉር አስተካካዩ የኃላፊውን እርጥብ ጫማ ቁልጭ አድርጎ እያየ ሞተ።

ከበሩ የሚመጣው ብርሃን ዓይኗን ስለወጋት እትዬ ቀጥሉ የገባውን ሰው አልለየችውም። ጎረቤቷ መሰላት። በደስታ እጇን እያወዛወዘች፣ "ጎበዞች! እንዳትመልሱለት! ጥላችሁት ቀጥሉ!" ብላ ጮኸች።

በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ትዕይንቱ ሊያልቅ ሲል እንደገና ተከፈተና ግንበኛው ጎረቤቷ አንገቱን አስገባ። "እንደምን ዋላችሁ!" አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እነዚያ የመንግሥት ሰዎች ምን አድርጋችኋቸው ነው እንዲያ ተቆጥተው የሚሄዱት?"

ያን ጊዜ ሁሉም ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ከወለሉ ላይ ቀና አለ።

"እኔ ሞቻለሁ፣ እትዬ። ሬሳ ሰላም አይልም። ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ።"

"ማን ወቀሰህ?"

"ታዲያ ምን እንዲህ ታይኛለሽ?"

"አሟሟትህ ዛሬ ደህና ነበር" አለችና ነጠላዋን ፈልጋ ወጣች። ዝናቡ አላባራም ነበር። መኪናው ግን ሄዷል።

በሳምንቱ ቤቱ ለማኅበሩ ይሰጥ የሚለው ውሳኔ ተሰማ። ተዋናዮቹ ጥፋቱ የሰላምታው ነው ብለው እርስ በርስ ተቀያየሙ። እሷ ግን ማለዳ ተነሥታ ከተማ ወረደች፤ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ እስኪጠሯት ቁጭ አለች። ስትገባም ቆማ፣ "ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" ብላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ኃላፊው መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ፤ ግንበኛው ጋ ስትደርስ ግን ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ።

"ይቀመጡ፣ እትዬ። እውነቱን ልንገርዎት። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት። ግን ምንጣፍ አንጥፋችሁ ብትቀበሉኝም ያው ነበር። በጀት የለም። ዘበኛ ለሌለው ቤት እኔ ኃላፊነት አልወስድም።"

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አመስግኖ ይወጣል። እሷ ተቀመጠች።

"ውሳኔው የሚለው እህል ይግባ ነው ወይስ ሰው ይውጣ?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እህል ይግባ ካለ ይግባ። ሰው ይውጣ ይላል ወይ ነው የምልዎት።"

ኃላፊው አሰበ። "እሱን የሚያውቀው ማኅበሩ ነው። እነሱ ከፈቀዱ እኔ ምን ቸገረኝ?"

በማግስቱ የማኅበሩን መጋዘን ያዥ እጁን ይዛ ማለት ይቻላል ወደ ቤቱ አመጣችው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሰው በቀላሉ የማያምን ሰው ነው። እሷ የልብስ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ግድግዳውን ትለካለች፤ እሱ እጁን አጣምሮ ያያታል።

"ወይዘሮ፣ እኔ ሱሪ አላሰፋም፤ ስንዴ ነው የማስቀምጠው።"

"ጆንያም ወገብ አለው። ቁም እስቲ፣ ጫፉን ያዝልኝ።"

ያዘላት። በሦስቱ ግድግዳ ጥግ ጥጉን እስከ ላይ ቢደረደር እህሉ በሙሉ እንደሚገባ፣ መሐሉና መድረኩ ግን እንደሚተርፍ አሳየችው።

"አይሆንም" አለ፤ "ሰው ያለበት ሲጋራ አለ፣ እሳት አለ፣ ሌባ አለ።"

"ሰው የሌለበትስ ሌባ የለም? ዘበኛህ የታል?"

"ወደፊት ይቀጠራል።"

"የኛም ወደፊት ይቀጠራል ሲሉን ነበር።" ሜትሯን ጠቀለለች። "ስማኝ። እኛ ማታ ማታ እዚሁ ነን። ከልምምድ በኋላም በተራ ሁለት ሁለት እየሆንን እናድራለን። የሚያጨስ ሰው ደጅ ያጨሳል። ጆንያ ቢቀደድብህ የምሰፋው እኔ ነኝ። አንተ መድረኩን ተውልን።"

"ጆንያውን ማን ይደረድራል? እንዳሻችሁ ተደርድሮ ሲናድ ማን ሊነሣ ነው?"

"እኛ።"

"ሁሉንም?"

"አንድ ሳይቀር።"

ሰውዬው ጣራውን አየ፣ ወለሉን አየ። "አንድ ወር አይሻለሁ። እህል ከጎደለ ያን መጋረጃ በእጄ ነው የማወርደው።" ከ"ወይዘሮ" ወደ "አንቺ" የተሻገረው እዚያ ላይ ነው፤ እሷም ነገሩ እንደያዘ ያወቀችው በዚሁ ነው።

እህሉ የመጣ ዕለት ተዋናዮቹ በሙሉ ተሸካሚ ሆኑ። "ንጉሥ ጆንያ ሲሸከም የት ታይቷል?" ይላል ፀጉር አስተካካዩ ወገቡን ይዞ። "ዙፋኑን የተቀማ ይሸከማል፣ ና ወዲህ!" ትለዋለች። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ አፋቸው የተፈታውን በወስፌ ትሰፋለች። ሲመሽ ሦስቱም ግድግዳ በጆንያ ተሸፈነ። ሁሉም ቤቱ ሊሄድ ሲነሣ፣ "አንድ ትዕይንት ብቻ" አለች።

ያ ቤት ከጥንት ጀምሮ የሚያስተጋባ ነው። ተዋናይ የተናገረው ቆርቆሮውን መትቶ ስለሚመለስ አንዱ ቃል እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ከዚያም ጮኾ ሌላውን መናገር ልማድ ሆኖባቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ እንደለመደው ጮኸና ጠበቀ። ምንም አልተመለሰም። ደንግጦ ዘወር አለ።

"ድምፄ የት ሄደ?"

እትዬ ቀጥሉ ያን ጊዜ "ቀጥሉ" አላለችም። ተነሥታ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ሄደችና ተቀመጠች። "በሹክሹክታ በለው እስቲ" አለችው። በሹክሹክታ አለው። ከእነ ትንፋሹ ጆሮዋ ገባ። አናጢው ቆብ አውልቆ ራሱን አከከ፤ ነርሶቹ ተያዩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲጮኹ ኖረዋል!

ከዚያ በኋላ መጋዘን ያዡ በየምሽቱ ይመጣ ጀመር። በፊት በፊት በሩ ላይ ቆሞ ጆንያዎቹን በዓይኑ ይቃኝና ይሄዳል። ኋላ ጆንያ ላይ መቀመጥ አመጣ። ወሩ ሲያልቅ፣ "ያ ሎሌ ዛሬ ዋሸ፤ ትናንት እንዲህ አልነበረም ያለው" ብሎ መተቸት ጀመረ። ስለ ወሩ ማንም አላነሣም።

ጠብ የተነሣው ማኅበሩ እህሉን መሸጥ ሲጀምር ነው። "ከግራ በኩል አታንሣ! የሎሌው ድምፅ እኮ ማስተጋባት ጀመረ" ትለዋለች። "ሴትዮ፣ እኔ ስንዴ ነው የምሸጠው ወይስ ድምፅ?" "ስንዴ ሽጥ። ግን ከበሩ በኩል ካለው ሽጥ።" ተነጫንጮ ከበሩ በኩል ሸጠ። የባህል ኃላፊውም አንድ ምሽት በጨለማ ገብቶ ሰላም ሳይል ተቀምጦ አይቶ ሄደ ይባላል፤ በዓይኑ ያየው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። የተረጋገጠው፣ ቤቱ አንድም ምሽት አለመዘጋቱ ነው።

እህሉ በቀላሉ እንዲወጣ በመድረኩ ጎን ትንሽ በር ተከፍቶ ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ትዕይንቱ ፀጥ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ መጋዘን ያዡ ዘግይቶ በዚያ በር ገባ። ማጠፊያው እንደ በግ ጮኸ። ተዋናዮቹ አልዞሩም፤ ተመልካቹ ግን በሙሉ ዞረ። ሰውዬው በአፍረት ጆንያዎቹ መካከል ተሸጎጠ። "ነገ ይስተካከላል" አለችው ሲወጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ሄዳ በትንሽ ጠርሙስ ዘይት ተቀበለች። የላይኛው ማጠፊያ ላይ ለመድረስ በርጩማ ላይ ወጣች። አፈሰሰችበት፤ በሩን ከፈተችው፣ ዘጋችው። አሁንም ትንሽ ይጮኻል። የታችኛውንም ቀባችው። ደግማ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጆሮዋን አስጠግታ እንደገና ከፈተች። እህሉን እንዳይነካ የተንጠባጠበውን በጨርቅ ጠረገችና ጠርሙሱን ልትመልስ ሄደች።

ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ እየነፋ ነበር። "እህ፣ መጮኹን ተወው?" አላት።

"ተወው" አለችው፤ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች።