ሦስት ግሩፕ ከፍቼ አራተኛውን ሳላውቅ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መገናኛ፣ የአያት ታክሲ ሰልፍ ጋ ስደርስ ጓደኞቼን ቢኒያምንና ቤቲን አየኋቸው። ቢኒያም ትልቅ የዳይፐር እሽግ ታቅፏል። ሲያየኝ ከኋላው ሊደብቀው ሞከረ... ዳይፐር እንዴት ይደበቃል?

እኛ አራት ጓደኛሞች በትርፍ ጊዜያችን የአማርኛ ኪቦርድ፣ ቀን መቁጠሪያና የፊደል ማረሚያ እንሠራለን። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም በነፃ ይወስደዋል። ድሮ ኮዱም ወሬውም አንድ ላይ ተዘባርቆ፣ ስለ ኪቦርዱ የጠየቀ ሰው ስለ ጳጉሜን ይመለስለት ነበር። እኔ ደግሞ ዝርክርክ ነገር አልወድም። ኮዱን ሦስት ቦታ ለየሁት፣ ለእያንዳንዱም የራሱን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ከርዕስ የወጣ መልእክት ካየሁ እሰርዛለሁ፤ «እንደምን አደራችሁ» እንኳ አላመለጠኝም። ግሩፖቹ ፀጥ ሲሉ ሥርዓት አስያዝኩ ብዬ ተኮፈስኩ።

ወዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። ቤቲ ቢኒያምን አየችው።

«ሳሮን ጋ... ወልዳ» አለች።

ሳሮን አራተኛችን ናት። ቀኗ ገና መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ሐሙስ ዕለት «የፊደል ማረሚያው የት ደረሰ?» ብዬ ጽፌላት፣ ዝም ስትለኝ ተቀይሜያታለሁ።

«ከየት ሰማችሁ?»

«ግሩፑ ላይ።»

«የትኛው ግሩፕ?»

ቤቲ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

ለካ አራተኛ ግሩፕ አለ። እኔ ሦስቱን በከፈትኩ ሳምንት ነው የከፈቱት። ልደቱ፣ ቀልዱ፣ እንጦጦ በእግር የወጡበት ፎቶ ሳይቀር እዚያ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆድ ባሰኝ።

ባዶ እጄን መሄድ አሳፍሮኝ ከመንገድ ዳር የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ገዛሁና አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

ሳሮን ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ብዬ ሕፃኗን ካየሁ በኋላ አላስቻለኝም፤ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

«የትኛው ግሩፕ ላይ ልጻፈው? ልጄ ኪቦርድ አይደለች፣ ቀን መቁጠሪያ አይደለች... ትሰርዝብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ፊቴ ጋለ። እንደምንም ብዬ እኔንም እንዲያስገቡኝ ለመንኩ።

«ትገባለህ» አለች ሳሮን፣ «አድሚን ግን አትሆንም።»

ማታ ስልኬን ስከፍት ቢኒያም እዚያው ግሩፕ ላይ፣ ከሕፃኗ ፎቶ ሥር፣ ስለ ኪቦርዱ ጥያቄ ጽፏል። «ቦታው እዚህ አይደለም» ልለው ጀምሬ ነበር... አጠፋሁትና መለስኩለት።