ወደ ማኅበሩ የወሰድኩት ጠላ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን ነው። እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። ወንድሜን ሳይ ግን በየጊዜው ትዝ ይለኛል።

ያደግሁት ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች በነበረው ሰፈር ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የልደታን ጽዋ ማኅበር እንጠጣ ነበር። ተራው የደረሰው ቤት ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል። ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ያኔ ሳቂታ ወጣት ነበር። ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ «ጌታቸው፣ አንተ ይበቃሃል» ካሉት ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ደግሞ አይጠይቅም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ማኅበርተኛው ተበታተነ። አንዱ ጀሞ፣ ሌላው የካ አባዶ ሄደ። እኔ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ጌታቸው ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ እኔ ዘንድ ገባ። በቃህ የሚለው ሰው አልነበረም። ጠዋት አረቄ ሳይቀምስ እጁ አይረጋም። ሐኪሙ ጉበቱ መጎዳቱን፣ በዚህ ከቀጠለ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮኛል። እኔ ብናገረው አይሰማኝም።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት የግቢው የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለ። እሁድ ከሰዓት ሰዎች እየመጡ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አይ ነበር። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ቆመው ይጸልያሉ፣ ዳቦ ተቃምሰው ይለያያሉ። እኔ ጽዋ ማኅበር ነው አልኩ። ጌታቸው እዚያ ቢገባ፣ ሰው መሀል ሲቀመጥ እንደ ድሮው በልክ መጠጣት ይጀምራል ብዬ አሰብኩ። ሰው መጠየቅ ስለማልወድ ማንንም አልጠየቅሁም።

ማኅበር ሊገባ የሚሄድ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ዳቦ ደፋሁ። ጠላውን ግን ቤቴ መጥመቅ አልቻልኩም፤ ሳይደርስ ጌታቸው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከታች ምድር ላይ ያለችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ጠመቅሁ።

እሁድ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጠላውን በጀሪካን ጌታቸውን አስይዤ ወጣን።

«ማኅበር ልናስገባህ ነው» አልኩት።

«እሺ እትዬ» አለኝ። የያዘው ጠላ ስለሆነ አልተከራከረም።

በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ወጣት ተቀበለችን።

«እማማ፣ ይግቡ። ምን ይዘው ነው የመጡት?»

«ዳቦና ጠላ ነው ልጄ። ባዶ እጃችንን እንዳንመጣ ብለን።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ግዙፍ ሰው፣ በኋላ የታክሲ ሹፌር መሆኑን ሰማሁ፣ መሳቅ ጀመረ።

«ኧረ እማማ! ሰይጣን ራሱ እስከ ዛሬ በጀሪካን ይዞልን አልመጣም!»

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ «እኛ እኮ መጠጥ ለማቆም የምንረዳዳ ሰዎች ነን» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ሹፌሩ ተነስቶ ዳቦውን ከእጄ ተቀበለኝ። «ይሄ ይገባል» አለ። ከዚያ ወደ ጌታቸው ዞረ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን አየው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጀሪካኑ አይገባም፣ ወንድሜ። አንተ ግን ብትገባ ደስ ይለናል።»

ጌታቸው ጀሪካኑን እንደያዘ ወጥቶ ሄደ።

እኔን አስቀመጡኝ። አንድ ሰው የልጁን የትምህርት ቤት ጫማ ሸጦ እንደጠጣበት ይናገር ነበር። ግማሹን አልሰማሁትም። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ሐኪሙ የነገረኝን እያወቅሁ ያንን ሁሉ ጠላ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሰውየው ጨርሶ ሌላው ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ጌታቸው ነው። እጁ ባዶ ነው። የሱሪው እግር ርሶ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ጠላውን ቦይ ውስጥ ደፍቶት ኖሯል። በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ተራው ሲደርስ ተነሳ።

«ጌታቸው እባላለሁ» አለ። ሌላም ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ አልወጣለትምና ተቀመጠ። አጨበጨቡለት። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

በዚያ ቀን ዳነ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ወስደው አስተኙት፤ እንዲሁ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው አሉ። ለፋሲካ ተመልሶ ጠጣ፤ ያ ሹፌር ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ተነስ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወንበርህ ባዶ ሆኖ ደብሮናል» ብሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም።

ነገሩን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ያስቀኛል። የድሮው ማኅበራችን ይናፍቀኛል። ግማሾቹ አርፈዋል፣ የቀሩትም እንደ እኔ ደረጃ መውረድ አቅቷቸዋል።

ባለፈው ወር ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ ሳለ የእሁዶቹ ሰዎች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ሳሎኑ አልበቃቸውም። ጌታቸው ሮጦ ወርዶ፣ «ወይዘሮ ዘነበች፣ እንግዳ በዝቶብን ነው፤ ወንበር አውሱን!» ሲል ድምፁ እስከ መኝታዬ ተሰማኝ። ከሰፈራችን ከወጣን ወዲህ ለእንግዳ ወንበር ስንዋስ ያ የመጀመሪያችን ነበር።