ስኳሩ እስኪሟሟ

አሜሪካ፣ ሉዊቪል ከተማ ውስጥ መጠጥ መሸጫው ወረፋ ላይ ከፊቴ የቆሙት አሮጊት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ባርኔጣቸውን አሳምረው ደፍተዋል፤ እግራቸው ላይ ያለው ግን የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ተቀምሞ የታሸገ የዊስኪ ኮክቴል ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ጓ አድርገው አስቀመጡ።

«ይኼን ጉድህን ውሰድልኝ!»

«ምን ጎደለው እማማ? ስኳሩም መራራው የቅመም ጠብታውም ገብቶበታል። በረዶ ጨምሮ መጠጣት ብቻ ነው» አለ ሻጩ።

«እሱ ነዋ ያንገበገበኝ!» ጠርሙሱን ወደ ሻጩ ገፋ አደረጉት። «ባሌ ራሱ ሲቀምመው፣ ሲያሻው በስኳር ፈንታ ማር ያደርጋል፣ ሲያሻው የብርቱካን ልጣጭ ይጨምራል፤ ግድ የለኝም! ግን ከራት በፊት ቆሞ ሲያማስል፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ያዳምጠኝ ነበር። ይኼን ከገዛ ወዲህ ቀድቶ ይጨልጥና ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። እስቲ ንገረኝ፣ እኔ መቼ ላናግረው?»